የመቅደስ ቀሚሶች

እትዬ ብዙነሽ ማረፋቸውን የነገሩኝ የእድራችን ዳኛ ጋሽ ግርማ ናቸው። ሳንሱሲ አክስቴ ቤት ነበርኩ። ስልኩን አንስቼ "አቤት ጋሽ ግርማ" ስል ዝም አሉ። ጋሽ ግርማ ዝም የሚሉ ሰው አይደሉም፤ የእድር ስብሰባ ላይ ቃለ ጉባኤ ያዡ እጁ እስኪዝል ነው የሚናገሩት። ዝምታቸው ሲረዝም ገባኝ።

"መቼ?" አልኳቸው።

"ሲነጋጋ። ነይ በቃ።"

ከሳንሱሲ አየር ጤና ለመድረስ ታክሲ መቀያየር አለ። ያን ቀን በየት በኩል እንደሄድኩ አላስታውስም። የማስታውሰው መስኮቱን ተደግፌ፣ የራሴን ቀሚስ ጫፍ በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ መሃል ይዤ እያሸሁ መሄዴን ነው። ይሄ የኔ ልማድ አይደለም። የሳቸው ነው።

እትዬ ብዙነሽ ሰው ሲመጣባቸው ሰላምታው ሳያልቅ የልብሱን ጫፍ ይይዛሉ። ጤና ይስጥልኝ እያሉ እጅጌውን ያሻሉ፣ የኮቱን ገበር ገልበጥ አድርገው ያያሉ። የማያውቃቸው ሰው ይደነግጣል። አንዴ የቤት ኪራይ ሊያስጨምር የመጣ አከራይ፣ ሱሪው ጉልበቱ ላይ መሳሳቱን አይተው "ቁጭ በልና አውልቀው" ብለውት፣ ሰውዬው ነጠላ አገልድሞ ሱሪው እስኪጠገንለት ሲጠብቅ ኪራዩን ረስቶት ሄደ። እኔና መቅደስ ከጀርባ ሆነን በሳቅ ልንሞት ነበር።

መቅደስ ብቸኛ ልጃቸው ናት።

ቤታችን የምንለው ልብስ መስፊያ አየር ጤና፣ ከጋራዦቹ ጀርባ ያለች አንድ ክፍል ናት። ሁለት የስፌት መኪና፣ አንድ ኦቨርሎክ የሚሉት የጠርዝ መዘምዘሚያ፣ አንድ ካውያ፣ ግድግዳው ላይ የደንበኛ ልክ የተጻፈባቸው ካርቶኖች። እኔ ሥራ ፈልጌ ስገባ ስፌት የማውቅ መስሎኝ ነበር። እትዬ ብዙነሽ የሰፋሁትን አንድ ጊዜ አይተው፣ ምንም ሳይናገሩ ፈትተው መለሱልኝ። በሦስተኛው ይሁን በአራተኛው "አሁን ልብስ መሰለ" አሉኝ። ሲናገሩ አፋቸው ሁልጊዜ ስፒል የተሞላ ነው። ከወልቂጤ ወዲያ መጥተው ዕድሜያቸውን አየር ጤና ቢጨርሱም፣ በስፒሉ መሃል የሚወጣውን አማርኛቸውን ለመልመድ ጊዜ ፈጅቶብኛል። ጨርቅ እየጎተትኩ ስቸኩል ካዩኝ ግን ስፒሉን ተፍተው ነው የሚናገሩት።

"ቀስ በይ ሮማን። ሰው ነው የሚለብሰው።"

ይህን ሲሉ አይቆጡም። ያ ገና ቁራጭ ጨርቅ የሚመስለው ነገር አንድ ቀን የሆነ ሰው ገላ ላይ እንደሚያርፍ እያስታወሱኝ ነው።

ባላቸው የሞቱት መቅደስ ሕፃን ሳለች ነው። ልጅቷን በዚያች መኪና ነው ያሳደጓት። መቅደስ ግን መርፌ ጠላች። ቁልፍ እንኳ ትከዪ ብትባል እኔን ነበር የምትለማመጠው። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳ ነጥብ ሳይመጣላት ሲቀር አረብ አገር ልሂድ አለች። እትዬ ብዙነሽ ሰምተው መኪናቸውን አላቆሙም።

"እማ፣ እየሰማሽኝ ነው?"

"እየሰማሁ ነው።"

"ሁለት ዓመት ነው። የራሳችን ሱቅ ይኖረናል። ለአከራይ ሱሪ አትጠግኚም።"

"አከራዩ ሱሪውን ወዶታል" አሉ። ከዚያ በኋላ የተናገሩት ትዝ አይለኝም። ብቻ በማግስቱ ሰማያዊ ጨርቅ ገዝተው መጥተው፣ ልኳን ሳይወስዱ በዓይናቸው ብቻ ቀሚስ ቆረጡላት። አውሮፕላን ማረፊያ የሄደችው በዚያ ቀሚስ ነው።

መጀመሪያ በየእሁዱ ትደውል ነበር። እትዬ ብዙነሽ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሱቁን ከፍተው፣ ሥራ ሳይሠሩ ስልካቸውን መኪናው ላይ አስቀምጠው ይጠብቃሉ። ከዚያ አንድ እሁድ ሳትደውል ቀረች። ስልኳ ተበላሽቶ ነው አልን። የሚቀጥለው እሁድም አለፈ። የላካት ደላላ "ከአሠሪዎቿ ቤት ወጥታለች፣ እኛ ከዚህ በኋላ አናውቅም" ብሎ ስልክ ማንሳት ተወ። ወራት አለፉ። እትዬ ብዙነሽ እሁድ እሁድ ሱቁን መክፈት አልተዉም። እኔም ቤቴ መቀመጥ አልሆነልኝም፤ እየመጣሁ አብሬያቸው እቀመጥ ነበር።

ዓመት ካለፈ በኋላ አንድ ጠዋት የማናውቀው የውጭ ቁጥር ደወለ። ድምፁን ከፍ አድርገው መኪናው ላይ አስቀመጡት። ሰዓዳ የምትባል ልጅ ናት። መቅደስ ከአሠሪዎቿ ቤት ከወጣች በኋላ ከሰዓዳና ከሌሎች አበሾች ጋር ክፍል ተጋርታ ትኖር እንደነበር ነገረችን። በኋላ ከአንዳንድ ልጆች ጋር ሆና ባሕሩን በጀልባ ልሻገር ብላ ሄደች።

"ስደርስ እደውላለሁ ብላኝ ነበር እትዬ" አለች ሰዓዳ።

"ደወለች?"

"አልደወለችም።"

"አብረዋት ከሄዱትስ?"

"ማንም አልደወለም እትዬ። እቃዋን አደራ ብላኝ ነው የሄደችው። አሁን ክፍሉን ልንለቅ ነው። በፖስታ ልላክልዎት?"

"ላኪልኝ የኔ ልጅ" አሉ እትዬ ብዙነሽ። "ስትመጣ እንድታገኘው።"

ስልኩ ሲዘጋ ክር አንስተው መርፌው ውስጥ አስገቡና ስፌታቸውን ቀጠሉ። እኔ ወጥቼ ጋራዡ አጥር ሥር አለቀስኩ።

እቃው ገባ ተብሎ ሲደወልላቸው አብሬያቸው ሄድኩ። መሃል ከተማ ያለው እቃ መረከቢያ ሰው ሞልቶታል። አንዱ ጫማ፣ አንዱ የመኪና መለዋወጫ፣ አንዷ የሕፃን ልብስ ተልኮላቸው ቆመዋል። ተራችን ደርሶ መስኮቱ ጋ ስንቀርብ፣ ድምፁ በጉንፋን የተዘጋ ወጣት ሠራተኛ ወረቀት በመስኮቱ ሥር ገፋ አደረገልን። እትዬ ብዙነሽ መነጽራቸውን አውጥተው አነበቡት። ቀረጥ የሚባለው ነገር በጭራሽ አልታሰባቸውም። የተጻፈው ደግሞ ሁለታችን ወር ሙሉ ሰፍተን ከምናገኘው ይበልጣል።

"ልጄ፣ ይሄ የኔ አይደለም መሰለኝ።"

"የእርስዎ ነው እናቴ። ላኪዋ አዲስ ልብስ፣ ስልክ፣ ሽቶ ብላ ዋጋውን ከፍ አድርጋ ሞልታዋለች። እኛ የምናሰላው በሱ ነው።"

ሰዓዳ እቃው እንዳይጠፋ ብላ ነው ዋጋውን የቆለለችው፤ በኋላ ስንጠይቃት ነገረችን።

"የልጄ ልብስ ነው። ልሸጠው አይደለም።"

"ለሽያጭ ባይሆንም፣ ስጦታ ሆኖ ከመጠን ካለፈ ይቀረጣል።"

"ስጦታም አይደለም።"

"ታዲያ ምንድን ነው?"

"አደራ ነው" አሉ እትዬ ብዙነሽ።

ልጁ ኮምፒውተሩን አየ። እንደ ማሾፍ አይደለም፤ እውነቱን ነው፣ የሚሆን ቦታ እየፈለገላቸው ነበር። "ባለቤቷ አብራ ከመጣች ያገለገለ የግል እቃ ተብሎ ይታይ ነበር። ልጅዎ መጥታለች?"

"አልመጣችም።"

"መቼ ነው የምትመጣው?"

"አላውቅም።"

ልጁ እኔን አየኝ። አትመጣም በሚል ራሴን ነቀነቅኩ። ወደ መስኮቱ ቀረብ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እናቴ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሰው ካረፈ ደግሞ እቃው ቀረጥ የለውም። ማስረጃ ማምጣት ብቻ ነው።"

"ማን አረፈ አለህ?"

"አይ፣ እኔማ…"

"ማንም አላለም" አሉና ወረቀቱን አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። "አቤቱታ የት ነው የሚገባው?"

ግቢው በር ላይ ጃንጥላ ዘርግተው፣ ላፕቶፕና ትንሽ ማተሚያ ይዘው የሚቀመጡ ማመልከቻ ጸሐፊ አሉ። ሽማግሌ ናቸው። ታሪኩን በእርጋታ አዳመጡ፤ በመሃል እንኳ "አይዞዎት እህቴ" ይላሉ። ጽፈው ሲጨርሱ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ማንበብ ጀመሩ። "ሟች ልጄ ወይዘሪት መቅደስ…"

"ሟች የሚለውን ያውጡት።"

"እሱ ከወጣማ ነፃ አያደርጉዎትም እኮ!"

"ነፃ አይሁን። ያውጡት።"

ሰውዬው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉ። "በምን ልተካው?"

እትዬ ብዙነሽ ትንሽ አሰቡ። የሰውዬውን የሹራብ እጅጌ ይዘው አሸት አሸት አደረጉት፤ ይህን እንደሚያደርጉ እንኳ የሚያውቁ አይመስለኝም። "ሩቅ ያለች ልጄ ይበሉልኝ" አሉ።

እንደዚያ ተብሎ ተጻፈ።

ከዚያ መመላለስ ሆነ። የመረከቢያው ኃላፊ ስብሰባ ናት፣ አቤቱታው እየታየ ነው፣ ሳምንት ይመለሱ። እቃው በቆየ ቁጥር የማቆያ ክፍያ ይጨመርበታል። እትዬ ብዙነሽ የሚሄዱ ቀን ጠዋት ደህና ልብሳቸውን ለብሰው፣ ፀጉራቸውን ሸብ አድርገው ነው የሚወጡት። ሲመለሱ ከታክሲ ወርደው ቀጥታ ስፌት መኪናቸው ጋ ይቀመጣሉ። "ምን አሉ?" ስላቸው "ልጁ ጉንፋኑ አልለቀቀውም" ይሉኛል።

ሰፈሩ ግን ማውራት ጀመረ። ለአሮጌ ልብስ ይህን ያህል እልህ ምንድን ነው ይላል። አንድ ቀን ጋሽ ግርማ ሱቁ መጡ። ከእትዬ ብዙነሽ ጋር ከወጣትነት ጀምሮ የሚተዋወቁ ጎረቤት ናቸው፤ አንተ አንቺ ይባባላሉ።

"ብዙነሽ፣ ፈርሚና ውሰጂ። ወረቀት እኮ ነው።"

"አንተ የእድር ዳኛ ነህ አይደል?"

"ነኝ።"

"ልጄ ሞታለች ብዬ ፈርሜ ብመጣ ድንኳን አትተክልልኝም?"

"እንዴት አልተክልም! ብዙነሽ፣ ምን ነካሽ?"

"እኮ" አሉ እትዬ ብዙነሽ፤ ስፒላቸውንም መልሰው አፋቸው ውስጥ ከተቱ። ጋሽ ግርማ ተነስተው በሩ ላይ ቆም አሉና ባርኔጣቸውን በእጃቸው እንደያዙ ሄዱ።

በመጨረሻ ኃላፊዋ አስጠራቻቸው። በኔ ዕድሜ ያለች ሴት ናት፤ አቤቱታውን ጠረጴዛዋ ላይ ዘርግታ "ሩቅ ያለች" በሚለው ቃል ላይ ጣቷን አሳርፋ ነበር። እቃው በፊታችን ተከፍቶ ዋጋው እንደገና እንዲገመት ወስናለች። ያ ጉንፋናም ልጅ ካርቶኑን ይዞ መጥቶ በምላጭ ቀደደው። ከውስጡ ሽቶ የተቀላቀለበት የታመቀ የልብስ ሽታ ወጣ። ልጁ የመጀመሪያውን ቀሚስ በአንድ እጁ መዘዝ አደረገው።

"ቀስ በል ልጄ" አሉ እትዬ ብዙነሽ። "ሰው ነው የሚለብሰው።"

ልጁ ቀሚሱን መልሶ አስቀመጠና በሁለት እጁ አነሳው።

ስክሪኑ የተሰነጠቀ ስልክ አለ። ግማሽ የደረሰ ሽቶ አለ። የተለበሱ፣ የታጠቡ፣ በደንብ የታጠፉ ቀሚሶች አሉ። ሰማያዊው መሃል ላይ ነበር። እትዬ ብዙነሽ ጭናቸው ላይ አድርገው ጠርዙን እየተከተሉ አዩት። አንድ ቦታ ተተርትሮ በነጭ ክር፣ በእጅ፣ ወጣ ገባ ሆኖ ተሰፍቷል። በጣታቸው ዳሰሱት።

"እሷ ናት የሰፋችው" አሉኝ። ፈገግ ብለው ነበር። "እይ ሮማን፣ እይ እንዴት እንዳጨማደደችው።"

ከሁሉም ሥር በፕላስቲክ ውስጥ ያለ አንድ አዲስ ቀሚስ ወጣ። አረንጓዴ ነው፣ ሰፊ፣ እጅጌው ረጅም። መቅደስ ቀጭን ናት። ያ ቀሚስ የማን ልክ እንደሆነ ሁላችንም አየን።

ኃላፊዋ ልጁን አሰናበተችው። ወንበሯን ወደ እኛ አስጠጋች። "እትዬ፣ የተለበሰ ስለሆነ ዋጋውን ዝቅ ላደርግልዎት እችላለሁ። ነፃ ለማድረግ ግን መንገዱ አንድ ነው።" ወረቀት አወጣች። "እዚህ ጋ የሟች የግል ንብረት ይላል። ይፈርሙልኝ። ማስረጃውን ቀስ ብለው ያመጡታል። እኔ ኃላፊነቱን ወስጄ ዛሬውኑ እቃውን ይዘው ይሄዳሉ።"

እስክሪብቶውን ተቀበሉ። እውነቱን ለመናገር በልቤ ይፈርሙ፣ ይፈርሙ እያልኩ ነበር። ይህ ሁሉ መንከራተት እንዲያበቃ ፈልጌ ነበር። እትዬ ብዙነሽ እስክሪብቶውን ይዘው ወረቀቱን ረጅም ሰዓት አዩት። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ፣ እንዳይንከባለል ጠንቀቅ ብለው አስቀመጡት።

"እግዚአብሔር ይስጥሽ የኔ ልጅ። እከፍላለሁ።"

"ለምን እትዬ? ለምን?"

"ስትመጣ ምን እላታለሁ? ቀረጡ በዛብኝና ገደልኩሽ ልበላት?"

ኃላፊዋ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። በምትችለው ሁሉ ዝቅ አድርጋ አሰላችው፤ ቢሆንም ትንሽ አልነበረም።

በማግስቱ ሱቅ ስገባ ኦቨርሎኩ ተወልውሎ፣ ዘይት ተቀብቶ በሩ አጠገብ ቆሟል። ብዙውን የምሠራበት እኔ ነኝ። እትዬ ብዙነሽ ቆመው ጠበቁኝ።

"ገዢ አግኝቻለሁ" አሉ። "ግን ያንቺም እንጀራ ነው። አይሆንም ካልሽኝ እተወዋለሁ።"

"ይሽጡት እትዬ።"

"ሳታስቢ አትመልሺ።"

"አስቤያለሁ።"

ጠጋ ብለው የሻርፔን ጫፍ ይዘው አሹት። ከዚያ በኋላ ዘምዘማ ሲኖረን ጎረቤት ሱቅ እየወሰድን እናሠራ ነበር። አንድም ቀን አልጸጸተኝም።

ቀሚሶቹን ቤታቸው ቁም ሣጥን ውስጥ ሰቀሏቸው። የሚገርመው ግን ከዚያ በኋላ ያደረጉት ነው። በዓመቱ ፋሲካ አካባቢ ቀሚሶቹን ሱቅ አምጥተው ጎንና ጎናቸውን መፍታት ጀመሩ። የተበላሹ መስሎኝ ምን ሆኑ ስላቸው "ትወፍራለች እኮ" አሉኝ። "ሴት ልጅ በዚህ ዕድሜዋ ወገብ ታወጣለች። እንደሄደች ናት ብዬ ብቀመጥ፣ መጥታ አልገባ ቢላትስ?" ትንሽ፣ ጣት የማይሞላ፣ አስፍተው መልሰው ሰፏቸው። በሚቀጥለው ዓመትም እንዲሁ። ትርፍ ጨርቁ ሲያልቅ ተመሳሳይ ቀለም ፈልገው ከጎኑ ቀጠሉበት። አንድ ዓመት ደረቷ ላይም ለቀቁላት፤ "ወልዳ ቢሆንስ" ብለው። እኔ ክር አቀብላቸው ነበር። አረንጓዴውን ብቻ አልነኩትም። ከፕላስቲኩም አላወጡትም።

በዚያው ዘመን ከአየር ጤና እስከ ዘነበወርቅ እቃ ተልኮለት ቀረጥ ያስደነገጠው ሰው እሳቸው ጋ ይመጣ ጀመር። ስፒላቸውን አውጥተው ያዳምጣሉ፣ የቻሉ ቀን አብረው ይሄዳሉ። የወንድሟ ልጅ ጫማ የላከላትን አንዲት ጎረቤታችንን "አታልቅሺ፣ አትጩሂም፤ ተለብሶ ከሆነ ሶሉን አሳዪያቸው" ብለው ሲመክሯት ሰምቻለሁ። የነሱ እቃ ነፃ ሲወጣ ወይም ሲቀነስላቸው በጣም ይደሰቱ ነበር። ያቺ ኃላፊ ስታያቸው ከወንበሯ ትነሳለች ይባላል።

እኔ አክስቴ ስትታመም ሳንሱሲ ሄጄ እዚያው ሥራ ጀመርኩ። በየወሩ እየመጣሁ አያቸው ነበር። አንድ ወር ስመጣ ከስተው አገኘኋቸው። ሆዳቸው ውስጥ ያደገ ነገር እንዳለና ሐኪሞቹ ቤትዎ ይረፉ እንዳሏቸው የነገሩኝ ጋሽ ግርማ ናቸው። እትዬ ብዙነሽ እኔን ሲያዩኝ ከትራሳቸው ቀና አሉ።

"መጣሽ? ቁም ሣጥኑን ክፈቺ። ቀሚሶቹን አውጪ። መኪናውን እዚህ መስኮቱ ጋ አስመጥቼዋለሁ።"

"ዘንድሮም ላስፋቸው?"

"አይደለም። መልሺያቸው።"

"ወዴት እትዬ?"

"ወደ ልኳ። እንደመጡ።"

ቀሚሶቹን ታቅፌ እንደቆምኩ ቀረሁ። እሳቸው ግን አላለቀሱም። ብዙ ያሰቡበትን ሥራ እንደሚያዝ ሰው ነበር ንግግራቸው።

"አውቅ ነበር እኮ ሮማን። ሰዓዳ ስትደውል አውቄያለሁ። ያን ቀን ኃላፊዋ እስክሪብቶውን ስትሰጠኝም አውቅ ነበር። ግን የሚጠብቃት ሰው እኔ ብቻ ነኝ። እኔ ከፈረምኩ ማን ይጠብቃታል?" ትንፋሽ ወሰዱ። "አሁን እኔ ልሄድ ነው። ሳላለቅስላት ከሄድኩ ደግሞ ማን ያለቅስላታል? ልጄ ለቅሶ ሳይወጣላት ልትቀር ነው። ግርማን ጥሪው።"

ያን ቀን ከሰዓቱን ሙሉ ከአልጋቸው አጠገብ ተቀምጬ ፈታሁ። በየዓመቱ የሰፉት ስፌት አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርቦ ነበር። የቀጠሉባቸውን ጨርቆች እያወጣሁ አስቀመጥኩ። እሳቸው ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ያዩኛል። ሰማያዊው ላይ ስደርስ ያቺን በነጭ ክር የተጨማደደች ቦታ እንዳልነካት በእጃቸው ምልክት ሰጡኝ። አረንጓዴውን ደግሞ ጥቁር እንዳስቀልምላቸው አዘዙኝ። "እሱን እለብሰዋለሁ" አሉ።

ጋሽ ግርማ ድንኳኑን ራሳቸው ቆመው አስተከሉ። አስከሬን የለ፣ የሞተችበት ቀን አይታወቅ፤ አንዳንዱ ሰው ይህ ምን ዓይነት ለቅሶ ነው ማለቱ አልቀረም። ጋሽ ግርማ ግን "የእድራችን ልጅ ናት" ብለው ከዚያ ሌላ ቃል አልተናገሩም። ቄሱም መጥተው ጸለዩላት። እትዬ ብዙነሽ ጥቁር የተቀለመውን ቀሚስ ለብሰው ፍራሽ ላይ ተደግፈው ተቀመጡ። ሰውነታቸው አልቆ ስለነበር ቀሚሱ ሰፍቷቸው ትከሻቸው ላይ ተንሸራቷል። የመቅደስን ቀሚሶች አንድ በአንድ እየያዙ እያነሱ አለቀሱላት። እነዚያን ሁሉ ዓመታት ያልወጣው እንባ ነበር። የማላውቃት እትዬ ብዙነሽ ነበሩ፤ በአገራቸው ቋንቋ እየተጣሩ ያለቅሳሉ፣ ቃሉ ሳይገባን እኛም አብረን እናለቅሳለን። ሰዓዳ ካለችበት ደወለች፤ ስልኩን ድንኳኑ መሃል አድርገንላት ከሩቅ አለቀሰች።

የመቅደስ የትምህርት ቤት ጓደኞች ልጆቻቸውን አዝለው መጡ። የጋራዥ ሠራተኞች በሥራ ልብሳቸው መጡ። መቅደስ አጠገባቸው ቆማ ሻይ ስትጠጣ እንዴት ታስቃቸው እንደነበር አወሩ። ሱሪው የተጠገነለት አከራይ መጣ። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ያቺ ኃላፊ ጥቁር ሻርፕ ለብሳ በድንኳኑ በር ስትገባ አየኋት፤ ማን እንደነገራት አላውቅም። አጎንብሳ እትዬ ብዙነሽን ሳመቻቸው፤ ሁለቱም እጅ ለእጅ ተያይዘው ቆዩ።

ሰዉ ሲቀል እትዬ ብዙነሽን ደግፌ ወደ ውስጥ አስገባኋቸው። አልጋቸው ላይ ጋደም ሲሉ ፊታቸው ላልቶ ነበር፤ የደከመውም የቀለለውም አንድ ላይ።

"ሰው መጣ አይደል?" አሉኝ።

"መጣ እትዬ።"

"ብዙ?"

"ድንኳኑ አልበቃም። ውጭ ሁሉ አግዳሚ ተደርድሮ ነበር።"

ዓይናቸውን ጨፈኑ። የተኙ መስሎኝ ብርድ ልብሱን ላለብሳቸው ስጠጋ ቀስ ብለው ተናገሩ።

"መቅዲ ሰው ትወድ ነበር" አሉ።

ስለ ልጃቸው "ነበር" ሲሉ የሰማኋቸው ያኔ ነው፤ ለመጀመሪያም ለመጨረሻም።